ባለሜዳ የሌለው ሜዳ

በ1996 ዓ.ም. ሐዋሳ ዋንጫ ያነሳ ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። የጨዋታው ነገር ብዙም ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ የአባቴ ትከሻ ነው። እዚያ ላይ ተቀምጬ የሰዉ ጭንቅላት ከታች እንደ ጤፍ ማሳ ሲወዛወዝ፣ የመኪና ጥሩምባ ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ አባቴ በአንድ እጁ እግሬን ይዞ በሌላው የማያውቀውን ሰው ሲያቅፍ አያለሁ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ያወጡት የእኛ ልጆች ናቸው። በ1999 ደገሙት። ክለቡ ያኔ ሐዋሳ ከነማ ይባል ነበር፤ ስሙ ከተቀየረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ እኔ ግን ዛሬም ሳላስበው «ከነማ» ነው የምለው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሰፈራችን ባለች ዲኤስቲቪ ቤት የሰማሁት የአንድ ልጅ ጥያቄ ነው። ሐይቆቹ የምንላቸው የሐዋሳ ተጫዋቾች ድሬዳዋ ላይ ይጫወታሉ፤ እኛ ሐዋሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን እናያለን። ከፊቴ አንድ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው የሚሆን ልጅ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ላይ የሐዋሳ ስም በመጀመሪያ ተጽፏል። ልጁ የወንድሙን እጅጌ ጎተት አድርጎ፣

«ባለሜዳው ማነው?» አለው።

«ሐዋሳ።»

«ታዲያ እኛ ለምን እዚህ ነን?»

ወንድሙ ዝም አለ። እኔም የምለው አጣሁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚጫወት «ባለሜዳ» እንዴት ተደርጎ ለልጅ ይገለጻል? ማታ ቤት ገብቼም ጥያቄው ከጆሮዬ አልወጣም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ሊጉ ተቋረጠ፤ ሻምፒዮንም ሳይወጣለት ቀረ። በ2013 ሲመለስ መልኩ ሌላ ሆነ። ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፣ ጥቂት ሳምንታት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ተዞረ፤ ሐዋሳም ደረሳት። የስርጭት መብቱን ዲኤስቲቪ ገዛ። ሊጉን የሚመራው ክለቦቹ ራሳቸው ባለድርሻ የሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ሆነ። የወረርሽኝ ጊዜ መላ መስሎን ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን አሠራሩ አላለፈም። በቀጣዮቹ ዓመታትም አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ እየተባለ ዙሩ ቀጠለ።

ጥቅም የለውም አልልም። በ2010 እና በ2011 ሜዳዎቻችን ላይ የነበረውን ጠብ የረሳ ካለ እኔ አልረሳሁም። እናቴ ጨዋታ ባለ ቁጥር በር ላይ ቆማ «ዛሬ ስታዲየም ባትሄድ ምናለበት?» ትለኝ የነበረው በዚያ ዘመን ነው። ሊጉ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ያ ሁሉ ረገበ። ካሜራው መጣ፤ ስማቸውን በሬዲዮ ብቻ የምንሰማቸውን ልጆች መልካቸውን አወቅነው። ሊጉ የሚጫወትበት ከተማም ለጥቂት ሳምንት ሆቴሉ ይሞላል፣ ባጃጁ ይሠራል፣ የአሞራ ገደል ዓሳ ጠባሾች እጅ ሥራ ያገኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ሊጉ ከተማ ሲገባ የከተማውን ሜዳ ይይዘዋል። ሲወጣ ደግሞ የእኛንም ክለብ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሐዋሳ ወይ ሁሉም ክለብ አላት፣ ወይ አንድም የላት። በዚህ መሀል የከተማው፣ የዞኑ፣ የክልሉ ውድድር የት ይግባ?

ስለ የእህቴ ልጅ ላውራ።

በረኛ ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ፕሮጀክት ውስጥ ያደገ፣ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሜዳ የሚገኝ ልጅ ነው። ጓንቱ የግራ እጁ አውራ ጣት ላይ ተቀዶ እህቴ በጂንስ ክር ሰፍታለት ነበር። ክሩ ወፍራም ስለሆነ ኳስ በያዘ ቁጥር ጣቱን ይልጠዋል። «ሌላ ልግዛልህ» ስለው «ይሄ ገድ አለው፣ አጎቴ» አለኝ። እኔም አልገፋሁም።

ቡድናቸው ክልል ውድድር ገባ። የክልል ሻምፒዮና ስል ወራት የሚፈጅ ሊግ የሚመስለው ሰው ይኖራል። የእህቴ ልጅ የተጫወተበት ዘጠኝ ቀን ነው። ቡድኖቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ያድራሉ፣ በዘጠኝ ቀን አምስት ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱን ጨዋታ በጠዋት፣ ቀጣዩን በቀትር ፀሐይ። አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ጉልበት ያንን ሲችል አይቼ አላምንም፤ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ የመሀል ተከላካያቸው ጡንቻው ተሳስቦ በቃሬዛ ወጣ። ቃሬዛውም ሁለት ጓደኞቹ ትከሻቸውን ሰጥተውት ነው።

ግማሽ ፍጻሜው ጥሩ ሜዳ ላይ ነው ተብሎ ነበር። ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። ጠዋት ሲደርሱ ሜዳው «ተይዟል» ተባሉ። የሊግ ቡድን ልምምድ አለበት። ማን እንደወሰነ የነገራቸው የለም፣ ይቅርታ ያላቸውም የለም። ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ተወሰዱ። ጠጠር ነው። መስመሩ ከጎል ፊት አለ፣ ከመሀል የለም። ጨዋታው ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ፤ ተመልካቹ እኔ፣ እህቴ፣ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮና ከአጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ የትምህርት ቤቱ ልጆች ነበርን። ዜሮ ለዜሮ አለቀ። በመለያ ምት የእህቴ ልጅ ሁለት አዳነ። ሁለተኛውን ወደ ቀኝ ተወርውሮ በተሰፋው ጓንት ጫፍ ነው የነካው፤ ኳሱ አግዳሚውን ነክቶ ወጣ። ጠጠሩ ክርኑን ገሽልጦታል። ተነስቶ ወዲያ ወዲህ አየ። እንደዚያ ቀን ልጅ ሲያሳዝነኝ ትዝ አይለኝም። ያየው ሰው እንዳለ እየፈለገ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊጉ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ሜዳው የታየ ጊዜ ልቤ ምን እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን ለጎረቤታችን ለአንድ አዛውንት ነገርኳቸው። በወጣትነታቸው ለፋብሪካ ቡድን የተጫወቱ፣ አሁን ከዘራ ይዘው የሚሄዱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜስ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«በእኛ ጊዜማ ሜዳም አልነበረንም። በኤንትሬ ጭነት መኪና ነበር የምንሄደው። ሶዶ ስንደርስ ፊታችን አቧራ በአቧራ። ክፍል ውስጥ ዴስክ ገጥመን እንተኛለን።»

«ታዲያ ከአሁኑ በምን ይሻላል?»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉ። «ሰው ነበረዋ፣ ልጄ! የሶዶ ሰው በሙሉ ሜዳው ዳር ነው። እኔ አንዴ ሪጎሬ ስቼ ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ አንዷ እናት አውቃኝ ‹አንተ ሪጎሬ የሳትከው አይደለህም?› ብላኝ በቆሎ ያለ ዋጋ ሰጥታኛለች።»

ሪጎሬ የሳተን ልጅ የምታስታውስ ገበያተኛ። ዛሬ ሁለት ያዳነውን የሚያስታውስ የለም።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ የተለየ ጣጣ አለበት። ሐዋሳ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል መዲና ነበረች። የዚያ ክልል ውድድር ሲደረግ የሐዋሳ ልጅ ከሶዶ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከዲላ ልጅ ጋር ይገናኝ ነበር። ከዚያ መሬት የበቀለውን ለማየት የ2014ቱን የፕሪሚየር ሊግ ሰንጠረዥ ማውጣት ነው። ሐዋሳ ከተማ፣ ሲዳማ ቡና፣ ወላይታ ድቻ፣ አርባምንጭ ከተማ፣ ሀዲያ ሆሳዕና፣ ወልቂጤ ከተማ። ከ16ቱ ክለቦች ስድስቱ ከቀድሞው ደቡብ ክልል ናቸው! አገሪቱ ውስጥ በዚያ ዘመን እንዲህ ያፈራ ሌላ አካባቢ አላውቅም። ያ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የዞን ቡድኖች ለዓመታት እየተጋጩ፣ እየተኳረፉ፣ እየታረቁ ያመጡት ነው።

በ2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ወጣ። በ2015 የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ሆነ። ሕዝብ ራሱን በራሱ ማስተዳደሩ መብቱ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን የኳሱን ነገር ማን አሰበበት? አንድ የነበረው ውድድር አራት ሆነ። የሐዋሳ ታዳጊና የሶዶ ታዳጊ በክልል ውድድር የሚገናኙበት መንገድ ተዘጋ። አሁን ሐዋሳና ሶዶ የሚገናኙት በፕሪሚየር ሊግ ነው፤ እሱም ዕጣው ካላመቸ ድሬዳዋ ወይም አዳማ ላይ፣ ከሁለቱም ከተማ ሰው በራቀበት።

የካቲት 2010ን የማነሳው ለዚህ ነው። የሶዶው ወላይታ ድቻ ታላቁን የግብፅ ክለብ ዛማሌክን ያስተናገደው እዚህ ሐዋሳ ነበር። የሶዶ ሰው በአውቶብስ፣ በአይሱዙ፣ በሚኒባስ ጎረፈ። እኔ የሐዋሳ ደጋፊ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ድቻ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸንፈው በመለያ ምት ዛማሌክን አስወጡት። ዛማሌክን! ያን ቀን ከጎኔ የነበረ የሶዶ ልጅ ማስቲካውን ከፍሎ ሰጥቶኛል። ለዓመታት ስንጋጠም የኖርን ጎረቤታሞች ባንሆን ኖሮ እንደዚያ የምንደሰትለት አይመስለኝም።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ብራዚልን ሳነብ የገረመኝ እነሱ ተቃራኒውን በሽታ መታመማቸው ነው። እዚያ መጀመሪያ የመጣው የግዛት ውድድር ነው። የሳኦ ፓውሎ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1902 ተጀመረ፤ ዛሬ ብራዚሌይራኦ የሚባለው ብሔራዊ ሊግ እ.ኤ.አ. እስከ 1971 ድረስ አልተጀመረም። አገሩ ሰፊ፣ ጉዞው ውድ ስለነበር ሰዉ የሚያውቀው የጎረቤቱን ባላንጣ ነው። ፔሌ እ.ኤ.አ. በ1958 በሳኦ ፓውሎ ሻምፒዮና ብቻ 58 ጎል አግብቷል። ያን ዓመት የዓለም ዋንጫ ያነሳው ልጅ በየሳምንቱ የሚጫወተው በግዛቱ ውድድር ነበር።

አሁን ትልልቆቹ ክለቦች ያን ውድድር እንደ ሸክም ያዩታል። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በታዳጊ ቡድን የሚጫወቱበት ጊዜ አለ። ሆኖም ውድድሩ አይጠፋም፤ ምክንያቱም ድምፅ አለው። የብራዚል እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሲመረጥ 27ቱ የግዛት ፌዴሬሽኖች ሦስት ሦስት ድምፅ አላቸው፣ 20ዎቹ የአንደኛ ዲቪዚዮን ክለቦች ሁለት ሁለት፣ 20ዎቹ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለቦች አንድ አንድ። ደምሩት፤ 81 ለ 60 ነው። ግዛቶቹ ብቻቸውን ክለቦቹን በሙሉ ይበልጣሉ። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ለ2026 የወጣው የጨዋታ መርሐ ግብር የግዛት ሻምፒዮናዎችን ከ16 የጨዋታ ቀን ወደ 11 አውርዷቸዋል። ትንንሾቹ ክለቦች እዚያም ያለቅሳሉ። ብዙዎቹ በዓመት ሦስት ወር ያህል ተጫውተው ልጆቹን ያሰናብታሉ።

የብራዚልን እንቅዳ ማለቴ አይደለም። እዚያ የግዛቱ ውድድር ብሔራዊውን ሊግ ለረጅም ጊዜ አንቆ ይዞታል፤ ተጫዋቹም በጨዋታ ብዛት ደክሟል። እኛ ጋ ግን ሚዛኑ ጭራሽ ወደ አንድ ወገን ወድቋል። እነሱ ከ16 ወደ 11 ቀን ወረደብን ብለው ይጮኻሉ፤ የእህቴ ልጅ ቡድን ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ለአምስት ጨዋታ ነው።

የእኛም ታሪክ ቢሆን ከብዙ ከተማ የተሰበሰበ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ከመምጣቱ በፊት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ከአስመራም ከድሬዳዋም ወጥቷል። በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ ተወልዶ ድሬዳዋ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን የተጫወተ ነው። ቅርቡን ካየን ደግሞ ጥር 13 ቀን 2005 ኔልስፕሩት ላይ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ጎል ያገባው አዳነ ግርማ የሐዋሳ ልጅ ነው። ሽመልስ በቀለም የሐዋሳ ልጅ ነው። ሁለቱም ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከማቅናታቸው በፊት ለዚህ ከተማ ክለብ ተጫውተዋል፤ ሰዉም ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ወጥቶ ስማቸውን እየጠራ ነው ያሳደጋቸው።

እኔ የምለው አንድ ነው። የክልሉ ውድድር ለሊጉ ልጅ ማምረቻ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የራሱ የሆነ የጨዋታ ጊዜ፣ የራሱ ሜዳ፣ የራሱ ተመልካች ይገባዋል። በሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለው «ከሥር ያሉት ይደጉ» የሚለው ነገር አያረካኝም። ሁሉም ሊያድግ አይደለም የሚጫወተው። እዚሁ ሲዳማ ያለችው የለኩ ከተማ ቡድን የአለታ ወንዶን ማሸነፉ በራሱ ለለኩ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም የትም ባይደርስ እንኳ።

ከሐዋሳ ይርጋለም በሚኒባስ ምን ያህል ነው? ጠዋት ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ ማታ ቤቱ የሚያድርበት መንገድ ነው። ለኩ፣ አለታ ወንዶ፣ ወንዶ ገነትም እንዲሁ ናቸው። ዘጠኝ ቀን ውስጥ የሚታጨቀው ውድድር ከጥር እስከ ሚያዝያ ቅዳሜ ቅዳሜ ደርሶ መልስ ቢሆን የሚጠይቀው ወጪ አንድ የሊግ ቡድን ድሬዳዋ ሆቴል ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም። ከአራቱ አዳዲስ ክልሎች ከየአንዳንዱ የተሻሉት በክረምቱ መግቢያ ላይ ቢገናኙ ደግሞ የሶዶና የሐዋሳ ልጅ እንደገና ይተያያል። ብዙዎቹ የሊግ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማና በክልል አስተዳደር በጀት፣ ማለትም በሕዝብ ገንዘብ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚኖር ክለብ ሁለተኛ ቡድኑን ወደ ክልሉ ውድድር ይላክ፤ ይርጋለም ሜዳ ላይ ይገኝ። ሲዳማ ቡና ይርጋለም ላይ ይጫወት የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ያ ከተማ ቅዳሜ ቀን ምን ይመስል እንደነበር ይነግራችኋል።

ሊጉ ከተማችን ሲመጣም ይምጣ፣ ደስ ይለናል። ግን የልጆቹ ግማሽ ፍጻሜ አስቀድሞ የተያዘበት ሜዳ ላይ ልምምዱን ሌላ ቦታ ያድርግ። ይህን ለመወሰን ስብሰባም በጀትም አያስፈልግም። አንድ ሰው ስልክ ቢያነሳ ይበቃል።

የእህቴ ልጅ መጫወቱን አልተወም። ለሰፈሩ ቡድን ነው የሚጫወተው። ጓንቱን በመጨረሻ ቀየርኩለት፤ አሮጌውን እህቴ ከቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣዋለች። ባለፈው እሑድ ከአቶቴ ወዲያ ባለው ሜዳ ጨዋታ ነበራቸው። ማለዳ ሁለታችን ጀሶ ተሸክመን ሄድን። ነፋስ ከሐይቁ በኩል እየመጣ ጀሶውን ፊታችን ላይ ይነሰንሰዋል። ጋሼም ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ መስመሩ ወደ ውስጥ ጎብጧል ብለው ሁለት ጊዜ አስተካከሉን። ያ ዲኤስቲቪ ቤት ያየሁት ትንሽ ልጅም ከወንድሙ ጋር መጥቷል፤ ከጎሉ ጀርባ ኳስ መላሽ ሆነ። ጀሶው አልበቃንም። የግራውን ኮርና በዱላ አሠመርነው።